ጫማውን ላያወልቅ የተሳለው መንገደኛ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ደምለው ይባላል። ከሚስቱ ከእናንዬ ጋር ከተጋቡ ጀምሮ ከከተማቸው ወጥተው አያውቁም። ክረምቱ አልፎ መስኩ አበባ በአበባ ሲሆን እናንዬ፣ «ዕድሜያችን በመርፌ ቀዳዳ ሾልኮ ሳያልቅ እስቲ አገር እንይ» አለችው። እሱም እሺ አለ። ሱቃቸውን ቆልፈው፣ ሁለት የጀርባ ቦርሳ ተሸክመው፣ «ሆቴል አንገባም፤ መኪና ከተገኘ እንሳፈራለን፣ ካልተገኘ በእግራችን እንሄዳለን፤ ያሳደረን ቤት እናድራለን» ተባብለው ተነሡ።

ደምለው ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ ጠርጣራ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት ይደግመዋል። የመነሻቸው ዋዜማ ሚስቱ ጎረቤት ልትሰናበት ስትወጣ፣ የግራ ጫማውን ገበር ተርትሮ ካጠራቀሙት ብር አብዛኛውን ከሥሩ አስገባና መልሶ ሰፋው። ስትመለስ የተረፈችውን ጥቂት ሰጥቷት፣ «ሌላውን ለሱቁ ኪራይ ከፍዬዋለሁ፤ ያለን ይኸው ነው» አላት። ለምን ዋሸ ቢባል፣ እናንዬ ቸር ናት፤ የቸገረው ሰው ካየች ከአፏ ነጥቃ ትሰጣለች። «ለእኛው ብዬ ነው» ሲል ራሱን አሳመነ።

መጀመሪያ ላይ መንገዱ ማር ነበር። ሽንኩርት የጫነ መኪና ቆመላቸውና ሹፌሩ ጋቢና አስገባቸው። አንድ ሐይቅ ከሩቅ ብቅ ሲል እናንዬ እንደ ልጅ አጨበጨበች። ደምለው ግን ሐይቁን ትቶ የሹፌሩን እጅ ነበር የሚያየው።

«በነጻ ለምን ጫነን?» ብሎ በጆሮዋ ሹክ አላት።

«እንቅልፍ እንዳይጥለው የሚያጫውተው ሰው ፈልጎ ነው። ራሱ ነግሮን የለ!»

«እሱማ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሹፌሩ ስሙን ሲጠይቀው የሌላ ሰው ስም ነገረው። ሲወርዱ ደግሞ ለመንገዳችሁ ብሎ ሽንኩርት ቢሰጣቸው፣ ደምለው አንድ በአንድ እያገላበጠ መረመረው። እናንዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ችግሩ የመጣው ወደ ገጠር ሲዘልቁ ነው። በዚያ አገር «የመሸበት እንግዳ ነን» ብሎ ደጅ የቆመ ሰው አይመለስም። በእግሩ ለመጣ እንግዳ ደግሞ ከራት በፊት ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ቀርቦለት እግሩ ይታጠባል። የመጀመሪያው ቤት አባወራ ጎንበስ ብለው ጫማውን ሊፈቱለት ሲሉ ደምለው እግሩን ሰበሰበ።

«ይተዉት አባቴ፣ ስለት አለብኝ። ቤቴ እስክመለስ ጫማዬን ላላወልቅ ተስያለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ሰው በባዶ እግሩ ሊሄድ ሲሳል ሰምቻለሁ። ጫማ ላያወልቅ የተሳለ ግን ገና አንተን አየሁ» አሉት።

እናንዬም ግራ ገባት። ለብቻው ስታገኘው ብትጠይቀው፣ «ስለት ምክንያቱ አይነገርም» ብሎ ዘጋት። የዚያን ዕለት አባወራው እንዳይሰረቅባቸው ጥጃቸውን ከጓሮ አምጥተው ከራሳቸው መኝታ አጠገብ አሰሩት።

ወሬ ከእግረኛ ይፈጥናል። በገበያ ቀን ጫማ የማያወልቅ ሰው መምጣቱ ተዳረሰ። አንዱ ከእስር ቤት ያመለጠ ነው አለ፤ ሌላው እግሩ የሰው እግር አይደለም አለ። ከዚያ በኋላ በር የሚከፍትላቸው ጠፋ። ያዘነላቸው ቢኖር እንኳ ከደጅ፣ ከጭድ ክምር ሥር ነው የሚያሳድራቸው። ደምለውም በየተዘጋው በር ፊት ቆሞ፣ «አላልኩሽም? ሰው ክፉ ነው!» ይላት ነበር። ሰዎቹ የሚጠረጥሩት እሱን መሆኑን አላሰበውም።

በእናንዬ እጅ ያለችው ገንዘብም አለቀች። በየደረሱበት ጥጥ እየፈተለች፣ እህል እያበጠረች ራታቸውን ማግኘት ጀመረች። የተሰጣትን ለእሱ ታቀርብና፣ «እኔ በልቻለሁ» ትለዋለች። ደምለው ይህንንም ጠረጠረ። ጓዳ ገብታ ደህና ደህናውን ትበላለች፣ ለእኔ ትርፍራፊውን ታመጣለች ብሎ አሰበ። አንድ ቀን ግን ምንጭ ዳር ውሃ ልትጠጣ ስታጎነብስ ጉልበቷ ከዳት። ያን ጊዜ ፊቷን ልብ ብሎ አየው፤ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። «ልንገራት» አለ በልቡ። ወዲያው ደግሞ፣ «እስካሁን ለምን ደበቅከኝ ብትለኝስ?» አለና ዝም አለ። ውሸት ውሎ ካደረ ማውጣቱ ይከብዳል።

ዝም ቢልም እግሩ ዝም አላለም። በችኮላ የተሰፋው ገበር ልጦት፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ አብጦ ጫማውን ሞላው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዳገት መሐል ቁጭ አለና መነሣት አቃተው። እናንዬ ሁለቱንም ቦርሳ ይዛ፣ እሱን ደግፋ፣ እየወደቀች እየተነሣች ከዳገቱ አናት ካለች አንዲት ቤት አደረሰችው። ባለቤቷ እማማ ዘርፌ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ወሬውን ሰምተዋል፤ ቢሆንም በራቸውን ከፈቱ።

«አውልቀው» አሉት እግሩን እያዩ።

«ስለት አለብኝ፣ እማማ…»

«የኔ ልጅ፣ ያንተ እግር መበስበስ ለእግዜር ምን ያደርግለታል?»

እናንዬ የጫማውን ማሰሪያ ፈትታ ስትስበው ደምለው ጮኸ። ከቁስሉ ጋር የተጣበቀው ገበር ተቀደደና በደምና በመግል የራሰ የብር ጥቅል መሬት ላይ ወደቀ። ደምለው ሕመሙን ረስቶ የሚስቱን ፊት ያይ ነበር። ብትጮህበት፣ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ከሌባ ነው የደበቅኩት» አላት።

«ሹፌሩ በመንገዱ ሄደ» አለች እናንዬ ቀስ ብላ። «ያሳደሩን ሰዎች በየቤታቸው ቀሩ። ከቤታችን ጀምሮ አብሬህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ታዲያ ሌባው ማነው?»

ደምለው አለቀሰ።

እማማ ዘርፌ ለብ ያለ ውሃ አመጡ። እናንዬ ገበቴውን ተቀብላ እግሩን አጠበችው፤ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳም ቁስሉን አሰረችለት። በዚያ አገር እግር ያጠበ ሰው ሲጨርስ ያጠበውን እግር ስሞ ይነሣል። እናንዬ ግን እግሩን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችና ውሃውን ልትደፋ ወጣች።

እግሩ ከዳነ በኋላ ደምለው፣ «አሁን ደህና አድርገን እንሂድ፤ ደስ ያለሽ ሆቴል እናርፋለን» ቢላት፣ «አገር ለማየት ወጥቼ ባሌን አየሁ፤ ይበቃኛል። ቤታችን እንግባ» አለችው። ገቡም። ዛሬም አብረው ይኖራሉ። ብቻ እናንዬ አሁን የሆዷን ልትነግረው አስባ ብዙ ጊዜ ትተወዋለች።

ወዳጆቼ፣ መጠንቀቅ ደግ ነው፤ በመንገድ ላይ ሌባም አይታጣም። ነገር ግን ሁሉን የሚጠረጥር ሰው በመጨረሻ ራሱ ተጠርጣሪ ይሆናል። ከዚያም የከፋው፣ አብሮት የሚራበውን ሰው ከሌቦች ጋር ደምሮ መቁጠሩ ነው፤ ገንዘቡን ቢያድን እንኳ ሰውየውን ያጣዋል። እናንተስ፣ «ለእኛው ብዬ ነው» እያላችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው የደበቃችሁት ነገር የለም? ካለ፣ ያ ሰው ያወቀ ዕለት «ሌባው ማነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?