ከነአመሉ የተሸጠው ፈረስ

አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበረች። ጤና ጣቢያዋ መኪና የማይገባበት ደጋ ላይ ነው፤ እርጉዞቹ ደግሞ ከተራራው ወዲያ፣ ከወንዙ ማዶ። ሁለት ዓመት በእግሯ ተመላለሰች። በመጨረሻ፣ "በቃ፣ ፈረስ እገዛለሁ" አለችና ቅዳሜ ገበያ ወጣች።

ፈረስ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? እሷም አታውቅም ነበር!

ገና እንደደረሰች አንድ ነጋዴ ተቀበላት። የያዘው ፈረስ ያማረ ዳማ ነው፤ ቆዳው ያብለጨልጫል።

"ምን ነውር አለበት?" አለችው።

"የዚህ ፈረስ ነውር? ሲስተር፣ ከእኔም ከአንቺም ይሻላል!"

ሳቀች። ልቧም ሸፈተ።

ከነጋዴው ጎን አያ ሽባባው የሚባሉ ሽማግሌ አንድ ሆዱ ዘርጠጥ ያለ ቡላ ፈረስ ይዘው ቆመዋል። ለወጉ ያህል እሳቸውንም ጠየቀቻቸው፦ "ይሄኛውስ ነውር የለበትም?"

"አለበት እንጂ ልጄ!" አሉ። "ኮርቻ ስትጭኚበት ሆን ብሎ ሆዱን ይነፋል። ትንሽ ቆይተሽ የኮርቻውን ጠፍር ድገሚና አጥብቂው፤ አለዚያ ከነኮርቻው ትወድቂያለሽ። ወንዝ ሲያይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንዳትመቺው! ከመታሽው እስከ ማታ አይነቃነቅም። ውረጂና ልጓሙን ይዘሽ ፊት ፊቱን ግቢ፤ ዝም ብሎ ይከተልሻል።"

ነጋዴው ከት ብሎ ሳቀ። "አያ ሽባባው፣ እንዲህ እያሉ መቼ ሊሸጡት ነው?"

"እኔማ ሸጬው ቤቴ እገባለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ነገ የምትቀመጥበት እሷ ናት።"

እስቲ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትገዙ ነበር? እውነቱን! ዳማውን አይደል? እሷም ዳማውን ዞር ብላ አየችው። ግን አሰበች፦ "የቡላውን አመል አወቅሁ። የዳማውን ማን ይነግረኛል?" ቡላውን ገዛች።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ከቀትር በኋላ አንድ ገበሬ እያለከለከ መጣ። "ሲስተር፣ ድረሽልን! ሚስቴ ይታይሽ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት!"

ጫነች። ቆየት ብላ ጠፍሩን ደግማ አጠበቀች። ገሰገሰች። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ቡላው ቀጥ! ባልየው ዱላውን አነሳ።

"ተው!" አለችው። "እንዴት እንደሚሻገር ተነግሮኛል።"

ወረደች። ጫማዋን ሳታወልቅ ውሃው ውስጥ ገባች። ቡላው ውሃውን አሸተተ፣ አንዴ አንኮራፋ፣ ከዚያም ተከተላት።

ሲደርሱ የገበሬው ሚስት ይታይሽ አቅሟ ተሟጦ ነበር። ሕፃኑ ተወለደ፤ ግን አላለቀሰም። አዋላጇ አፍንጫውን ጠረገች፣ ጀርባውን አሸች፣ አየር ሰጠችው፤ ደግማ ሰጠችው። ድንገት ጮኸ! ያን ጊዜ የነበረውን እልልታ ጎረቤት መንደር ሰማው ይባላል።

"ግማሽ ሰዓት ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ..." አለች በኋላ።

ወገኖቼ፣ ያንን ሕፃን ማን አዳነው? አዋላጇ ናት፤ ልክ ነው። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ አያ ሽባባውም እጃቸው አለበት። ገበያ መሐል እየተሳቀባቸው የተናገሩት እውነት ሰው ሆኖ ተወለደ!

እኛስ? ለጋብቻ ስንተጫጭ ምን እንላለን? "እኔ ቁጣ የሚባል አላውቅም!" ሥራ ስንቀጠርስ? "ማርፈድ? እኔ?" ለጸሎት ስንቆም ደግሞ ይብሳል፤ እግዚአብሔር የማያውቀን ይመስል አሳምረን እንቀርባለን!

ድካማችሁን ተናገሩ የምላችሁ እንድታፍሩ አይደለም። የሚወዳችሁ ሰው እናንተን እንዴት መያዝ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። አንተ ባል፣ ዛሬ ቤት ስትገባ፣ "ሲደክመኝ ዝም የምለው ተቀይሜሽ አይደለም" በላት። አንቺም፣ የሚያስፈራሽን ነገር ንገሪው፤ ልብሽን ገምቶ አያገኘውም። እናንተ ተማሪዎች፣ ፈተናውን የወደቃችሁ፣ ውጤቱን ከፍራሽ ሥር አውጡና ለእናታችሁ ስጧት። ትቆጣለች፤ አልዋሻችሁም፣ ትቆጣለች። ከዚያ ግን ወንበር ስባ አጠገባችሁ ትቀመጣለች።