በአሰልጣኝ ስም የተሰነዘረ መዶሻ

አንድ ታረቀኝ የሚባል በያጅ ነበር። ከጓደኛው ከኑሪ ጋር በአንድ ጋራዥ ውስጥ ለአሥራ አራት ዓመት የመኪና ስፖንዳና የብረት በር ሲበይዱ ኖረዋል። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ሁለቱም የከተማቸው እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ናቸው። የማይስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የክለቡ የምንጊዜም ምርጥ አሰልጣኝ ማን ነው በሚለው። ታረቀኝ፣ ክለቡን ከታችኛው ሊግ አውጥቶ ከትልልቆቹ ጋር ያሰለፈው ዘውገ ነው ይላል። ኑሪ ደግሞ፣ ብቸኛውን ዋንጫ ያመጣው ልሳነወርቅ ነው ባይ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሥራ ላይ እንዳሉ ክርክሩ ተነሣ። ክለቡ በዋዜማው አራት ለባዶ ተሸንፎ ስለነበር ሁለቱም ከፍቷቸዋል።

«ዘውገ ቢኖር እንዲህ አንዋረድም ነበር» አለ ታረቀኝ።

«የቱ ዘውገ? እሱ እኮ አሰልጣኝ ሳይሆን ዘበኛ ነበር። አሥር ሰው ጎል ፊት ገትሮ አቻ መውጣት!» አለና ኑሪ ሳቀ። ጋራዡ ውስጥ ያሉትም አብረውት ሳቁ።

ታረቀኝ ከዚያ በኋላ ምን እንዳሰበ አያስታውስም። የሚያስታውሰው በእጁ የያዘውን መዶሻ መሰንዘሩን፣ ኑሪ መውደቁንና ከጆሮው ደም መውረዱን ነው። አንዱ «ገደለው!» ብሎ ጮኸ። ታረቀኝ መዶሻውን ጥሎ ሮጠ።

ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ፖሊስ የመጣ እየመሰለው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሱቅ ደጃፍ የቆመች ሴት ስታየው እጁን ኪሱ ከተተ፤ ደም ያለበት መስሎት ነበር። ቤቱ እንዳይሄድ የኑሪ ሚስት ጎረቤቱ ናት። በምን ዓይኑ ያያታል? ያኔ አሰልጣኝ ዘውገ ትዝ አሉት። ጡረታ ወጥተው ከስታዲየሙ ጀርባ እንደሚኖሩ ያውቃል። «ለእሳቸው ክብር ብዬ ያደረግሁት ነው፤ አይጨክኑብኝም» ብሎ በራቸውን ደበደበ።

ሽማግሌው ራሳቸው ከፈቱለት።

«ጋሼ፣ ይደብቁኝ! ሰው መትቻለሁ። ሞቶ ይሆናል። እርስዎን ሲሰድብ መታገሥ አቅቶኝ ነው።»

ዘውገ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከኋላቸው፣ ቤት ውስጥ፣ ሌላ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፤ ፊታቸው ምሳ ቀርቧል። ዘውገ ሲያጎርሷቸው ነበር በሩ የተንኳኳው። ታረቀኝ ትክ ብሎ ሲያያቸው ማንነታቸውን አወቀ። ኑሪ የሚያደንቃቸው አሰልጣኝ ልሳነወርቅ ነበሩ።

«ልሳኑ ከታመመ አራት ዓመቱ ነው» አሉ ዘውገ። «ምሳ የምንበላው አብረን ነው። ማንኛችን እንደምንበልጥ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። አንተ ግን በእኔ ስም ሰው ገደልሁ ብለህ ደጄ ትመጣለህ?»

ይኼኔ ልሳነወርቅ ምላሳቸው እየተሳሰረ ጠየቁት፦

«ሰውየውን... ከማን ጋር... ትተኸው መጣህ?»

ታረቀኝ እስከዚያች ሰዓት የፈራው ለራሱ ነበር። አሁን ግን ኑሪ መሬት ላይ ተዘርግቶ ታየው፤ ማን እንዳነሣው እንኳ ዞር ብሎ አላየም። «አላውቅም» አለና ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ዘውገ ጫማቸውን አጠለቁ። «ተነሥ። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። አብሬህ እሄዳለሁ፤ መደበቅ ግን አልደብቅህም።»

ሆስፒታል ሲደርሱ የኑሪ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ታረቀኝን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር ታረቀኝ ብድግ ይላል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ «ይተርፋል። የግራ ጆሮው ግን ከእንግዲህ አይሰማም» አለ።

ታረቀኝ እጁን ሰጥቶ ስምንት ወር ታሰረ። ሲፈታ ኑሪ በሽማግሌ ታረቀውና ወደ ጋራዡ መለሰው። ዛሬም አብረው ይሠራሉ። ነገር ግን መኪና በግራ በኩል ወደ ኋላ ሲመጣ ኑሪ አይሰማም። ታረቀኝ ሥራውን ጥሎ ይሮጥና ክንዱን ይዞ ይጎትተዋል። በቀን ስንት ጊዜ ልቡ እንደሚሰነጠቅ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ወዳጆቼ፣ የምናደንቀው ሰው ስማችንን እንኳ አያውቅም፤ ክብሬን ጠብቁልኝ ብሎም አልለመነንም። የምንመታው ግን ሁልጊዜ አጠገባችን ያለውን፣ ስናዝን የሚያዝንልንን ሰው ነው። ክርክር መልካም ነው፤ እጅ ወይም ክፉ ቃል ከተሰነዘረ በኋላ ግን ማን ይበልጥ ነበር የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም። እናንተስ፣ ለማታውቁት ሰው ክብር ብላችሁ የምታውቁትን ሰው የጎዳችሁበት ቀን የለም?