አምስተኛው ስም

አንድ ወጣት ነበር፤ ስሙ አዱኛው ይባላል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳው በር አልነበረም። «ልምድ አለህ?» ይሉታል፤ የለውም። ልምዱን ከየት እንደሚያመጣው ግን የሚነግረው አላገኘም። በመጨረሻ ሰፈሩ ውስጥ ካለው የውኃ ቦኖ ፊት ለፊት፣ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ዓመት እዚያችው ላይ ዋለ። የሰፈሩ ሰው «ድንጋይ አሟቂው» የሚል ስም አወጣለት። እሱም አይቆጣም፤ የሚወጣ የሚገባውን እያየ ይውላል።

የከተማው ሹም በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው የሚውሉትን ወጣቶች ባየ ቁጥር ልቡ አላርፍ ይለው ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ሲል አስነገረ፦ «ሥራ የሌላችሁ ወጣቶች፣ ሙያ አስተምራችኋለሁ። ከዚያ አምስት አምስት ሆናችሁ ተደራጁ። አምስት ለሞላ ቡድን የመሥሪያ ሼድ ከነመሣሪያው እሰጣለሁ። በስድስተኛው ወር መጥቼ ሥራ ካላየሁ ግን ሼዱን ተረክቤ ለሌሎች እሰጣለሁ።» ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ብዙዎችንም ከተቀመጡበት አስነሣ።

ከተነሡት አንዷ የዚያው ሰፈር ልጅ ትብለጥ ናት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ስምንት ወር የእንጨት ሥራ ተማረች። የተማሩት ባለሦስት በር ቁም ሣጥን መሥራት ነው፤ የተፈተኑትም በእሱ ነው። አራቱም አለፉ። ችግሩ አራት መሆናቸው ነበር። በዚህ የተነሣ አንድ ጠዋት ወደ ድንጋይዋ መጡ።

«አዱኛው፣ ስምህን ታውሰናለህ?» አለችው ትብለጥ።

«ስሜን ምን ታደርጉበታላችሁ?»

«አንድ ሰው ጎድሎብን ነው። ፈርመህ ትመለሳለህ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።»

ቢያድግልኝ የሚባለው ቀልደኛው ጓደኛዋ ቀበል አድርጎ፣ «ድንጋይህ ሳይቀዘቅዝ እንመልስሃለን» አለው።

ሁሉም ሳቁ። አዱኛውም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ተነሣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስሙን ፈልጎ የመጣ ሰው አይቶ አያውቅም ነበር።

ሹሙ ቢሮ ሲደርሱ መዝጋቢው ጋሽ መንበሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የአምስቱንም ስም በየተራ ጻፉ። በየስሙ ትይዩ ሙያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። አዱኛው ጋ ሲደርሱ፣ «የዚህኛውስ ሙያ?» ብለው ጠየቁ። አራቱ ተያዩ። «ምንም» አለ ቢያድግልኝ። ጋሽ መንበሩም «ምንም» ብለው ጻፉ። አዱኛው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ጽሑፉን አየው።

ሼዱን በተረከቡ ማግስት አዱኛው ፊቱን ታጥቦ፣ ያለችውን አንዲት ደህና ሸሚዝ ለብሶ ሼዱ በር ላይ ቆመ።

ትብለጥ ደነገጠች። «ምነው፣ የጎደለ ፊርማ አለ እንዴ?»

«የለም። ልሠራ ነው የመጣሁት።»

«የኔ ወንድም፣ አንተ እኮ ለቁጥር ነህ» አለችው። በክፋት አልነበረም፤ እውነት ነው ብላ ነው።

«እሺ፣ በሩ ላይ ልቀመጥ?»

«በመቀመጡማ ማን ይችልሃል!» አለ ቢያድግልኝ።

አዱኛው በሩ አጠገብ ያለ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት የእንጨቱን ፍቅፋቂ ይጠርጋል፤ ቀሪውን ጊዜ ያያል።

አራቱ ቁም ሣጥን ሠሩ። የሚያምር ነበር፤ በሮቹ ሲዘጉ ድምፅ እንኳ አያሰሙም። ሰው ይመጣል፣ በእጁ ይዳብሰዋል፣ «እጃችሁ ይባረክ» ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛውን ሠሩ። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። «ሰዉ ጥሩ ነገር አያውቅም» አለች ትብለጥ። አምስተኛው ወር ሲያልቅ ሼዱ በቁም ሣጥን ተጣቦ መቆሚያ ጠፋ። ሹሙ ሊመጣ አንድ ወር ቀረው።

በዚያው ሰሞን በስንት ጊዜያቸው አንድ ገዢ መጣ። እልል እያሉ ሣጥኑን ተሸክመው ወደ ሰፈር ገቡ። የጠባቡ ቅያስ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ሣጥኑ ተሰነቀረ። ቢያዘነብሉትም፣ ቢያቆሙትም አላለፈም። ከኋላ ባልዲ የያዙ ሴቶች ተሰለፉ። «ኧረ መንገድ ስጡን!» ተባለ። ገዢውም አፍሮ፣ «ይቅርብኝ» አለ።

ሣጥኑን መልሰው ሲያስገቡ አዱኛው ግንዱ ላይ እንደተቀመጠ ነበር።

«እንደማያልፍ ታውቅ ነበር?» አለችው ትብለጥ፤ ፊቱ ላይ አንብባ።

«አዎ።»

«ታዲያ አፍ የለህም? ለምን አልነገርከንም?»

«ለቁጥር ነህ አልሽኝ። ቁጥር ደግሞ አይናገርም።»

ማንም አልሳቀም። ትብለጥ አጠገቡ ግንዱ ላይ ተቀመጠች። «እሺ፣ ተናገር» አለችው።

አዱኛው ሦስት ዓመት ያጠራቀመውን አወጣ። «እዚህ ሰፈር ብዙው ሰው የሚኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት አልጋው ይታያል። ልብሱን በፌስታል አድርጎ አልጋ ሥር ነው የሚከተው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያገኘዋል። ዝቅ ያለች፣ እግር ያላት፣ አልጋ ሥር የምትገባ ሣጥን ቢያገኝ ይወስዳል። አስካልን ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ልብስ አጣቢዋን። ልጇን አዝላ ነው የምታጥበው፤ ጎንበስ ባለች ቁጥር ሕፃኑ ወደ አንገቷ ይንሸራተታል። በአንድ እጇ እሱን ትመልሳለች፣ በአንድ እጇ ታጥባለች። ከፊት መከልከያ ያላት ትንሽ የልጅ ወንበር ብትኖራት...» አለ።

እንጨት ግን አልቆባቸዋል። ያለው እንጨት ቁም ሣጥኖቹ ላይ ነው። ቢያድግልኝ አንዱን እንደ ወንድሙ አቀፈው። «ይሄ እኮ የተመረቅንበት ነው!» አለ። ትብለጥ ብዙ አሰበች። ከዚያ ጉጠቱን አነሣችና የመጀመሪያውን ሚስማር ራሷ ነቀለች።

አዱኛውም መላጊያ መያዝ ተማረ። መጀመሪያ ጣቱን ላጠ፤ ቀስ በቀስ እንጨቱን መላግ ለመደ። የመጀመሪያዋን ትንሽ ወንበር ራሱ ተሸክሞ ቦኖው ጋ ወሰዳት። አስካል ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አስቀመጠችው። ልጁ መከልከያዋን ይዞ ይደበድብ ጀመር። አስካል ቀና አለች፣ ወገቧን በሁለት እጇ ያዘችና፣ «ወይ ወገቤ፣ ለካስ አለህ!» አለች። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። ወዲያው አንዷ «ለእኔስ?» አለች፤ ሌላዋም ተከተለች።

ቀኑ ደርሶ ሹሙ ከጋሽ መንበሩ ጋር ሲመጣ ሼዱ ውስጥ አንድም የተሠራ ዕቃ አልነበረም። ፊቱን ቋጠረ። «ባዶ ነው። የታለ ሥራችሁ?»

«ጌታዬ፣ ሥራችን ሰው ቤት ገብቷል» አለች ትብለጥ። «ከደከመዎት እናምጣ፤ ካልደከመዎት ግን ቅያሱን ገብተው ይዩት።»

ሹሙ ገባ፤ ትብለጥም ሐሳቡ የአዱኛው መሆኑን በመንገድ ላይ ነገረችው። በየቤቱ አልጋ ሥር ሣጥን አየ። ቦኖው ጋ በትንንሽ ወንበር የተቀመጡ ሕፃናት አየ፤ አጠገባቸው እናቶቻቸው በሁለት እጃቸው ያጥባሉ።

ሲመለሱ ጋሽ መንበሩ መዝገቡን ገለጡ። አንድ፣ ሁለት ብለው እስከ አምስት ቆጠሩ፤ አምስቱም ቆመዋል። «አምስተኛው ጋ ‹ምንም› ተብሎ ተጽፏል። ይሄ የሚሰረዝ መሰለኝ። በምን ልተካው?»

ቢያድግልኝ ለቀልድ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። መልሱን የሰጠችው ትብለጥ ናት። «‹ማየት› ብለው ይጻፉልን። እኛ ስምንት ወር ተምረን ያላገኘነው እሱን ነው።»

«ማየትም ሙያ ሆነ እንዴ?» አሉ ጋሽ መንበሩ።

«ይጻፉት» አላቸው ሹሙ። «የእኔንም ሐሳብ የጎደለው እሱ ነው።»

ሥልጠና መስጠት፣ ሼድ መሥራት፣ መሣሪያ ማቅረብ ትልቅ ነገር ነው፤ ስንቱን ከመንገድ ዳር ያነሣል። ነገር ግን ሰውን ቁጥር እንዲያሟላ ብቻ የጠራ ሰው ቁጥሩን ያገኛል፤ ሰውዬው በር ላይ ይቀራል። ሥራ ያጣ ሰው ሲያይና ሲያስብ ነው የሚውለው። ያየውን የሚጠይቀው ካገኘ፣ እሱም ሥራ ያገኛል፣ ሌላውም ወገቡን ያቀናል።

በእናንተስ ቤት፣ በእናንተስ መሥሪያ ቤት፣ በስሙ ትይዩ «ምንም» የተባለ ሰው ማን ነው? ያየውን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?