የሮጠችውና የተቀመጡት

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ልትሉኝ ነው። ዛሬ ላሟ የለችም፤ አህያ ግን አለች፣ ስንደርስባት ታዩዋታላችሁ።

ወሎ ቆላ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ረውዳ የምትባል ተማሪ ነበረች። የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የትኩሳት መለኪያ። የባዮሎጂ አስተማሪዋ መምህር አስናቀ፣ የሰው ሰውነት ውጭው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ውስጡን እንዴት በልኩ እንደሚያቆይ፣ ሆሚዮስታሲስ የሚባለውን ማለት ነው፣ በሙከራ አሳዩ ብለው ነበር። ረውዳ ተነስታ፣ ብቀመጥም ብሮጥም ሙቀቴ እምብዛም አይለይም አለች። ክፍሉ ሳቀባት። የሮጠ ሰውማ እንደ ድስት ነው የሚፈላው አሏት። ጠዋት ተቀምጣ ተለካች፤ ሠላሳ ሰባት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሮጣ ልትለካ ስትል ግን የትምህርት ቤቱ ብቸኛ መለኪያ ከእጇ አምልጦ እንክትክት አለ። መምህሩ አልተቆጡም፤ ግማሽ ሙከራ ሙከራ አይደለም፣ የከሰዓቱ ደወል ሳይደወል ሌላ ፈልገሽ ነይ አሉ። ሳቁ ከጆሮዋ አልወጣ እንዳለ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች።

ሲስተር ብርዙፍ መለኪያ አላት። መለኪያው ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ የቁምሳጥኑ ጓጉንቸር ግን ዝጎ እምቢ ብሏል። ጋሽ ይመርን ጥሪያቸው፣ እሳቸው ያውቁበታል አለቻት። ጓጉንቸሩ አልከፈትም አለ፣ መለኪያው አልወጣም አለ፣ የረውዳ ሙከራ በግማሽ ቀረ።

ጋሽ ይመር ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ናቸው። ከጥንቃቄ ብዛት የገዛ ቤታቸውን እንኳ ሳያንኳኩ አይገቡም። የዛገ ጓጉንቸር ያለ ዘይት ቢነኩት ይሰበራል፣ የመንግሥት ንብረት ደግሞ አልሰብርም፣ ከወፍጮ ቤት ዘይት አምጪ አሉ። ጋሽ ይመር ያለ ዘይት አልሄድም አሉ፣ ጓጉንቸሩ አልከፈትም አለ፣ መለኪያው አልወጣም አለ፣ የረውዳ ሙከራ በግማሽ ቀረ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ረውዳ ሮጠች፣ ልቧ ድው ድው ይላል።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ባለወፍጮው ጋሽ አበጋዝ ጭራ ይጎትታሉ። ይቺውላችሁ አህያዋ። ማሽላ እንደተጫነች ጠባቡ በር ላይ ተዘርግታለች። ዘይቱ ውስጥ፣ ጋሽ አበጋዝ ውጭ። እሷ ካልተነሳች አልገባም፣ ካልገባሁ ዘይት የለም አሉ። ረውዳ አህያዋን ለመነቻት፤ አህያዋ ከንፈሯን ጣል አደረገች። ካልጠጣሁ አልነሳም ማለቷ ነው። አህያዋ ያለ ውሃ አልነሳም አለች፣ ጋሽ አበጋዝ አልገባም አሉ፣ ጋሽ ይመር ያለ ዘይት አልሄድም አሉ፣ ጓጉንቸሩ አልከፈትም አለ፣ መለኪያው አልወጣም አለ፣ የረውዳ ሙከራ በግማሽ ቀረ። ወደ ውሃ ቦኖው ሮጠች፤ ላቧ ከግንባሯ ወርዶ ሻርፗን አራሰው።

ቦኖው ተቆልፏል። የቦኖው ጠባቂ እትዬ ዙሪያሽ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ።

«በረደኝ፣ ልጄ» አሉ። «ሲስተር ትኩሳቴን ካልለካችልኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

እትዬ ዙሪያሽ ካልተለካሁ አልነሳም አሉ፣ ቦኖው አልከፈትም አለ፣ አህያዋ ያለ ውሃ አልነሳም አለች፣ ጋሽ አበጋዝ አልገባም አሉ፣ ጋሽ ይመር ያለ ዘይት አልሄድም አሉ፣ ጓጉንቸሩ አልከፈትም አለ፣ መለኪያው አልወጣም አለ። መለኪያው ካልወጣ ደግሞ እትዬ ዙሪያሽ በምን ይለኩ? ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሏል ይህ ነው።

ረውዳ ጠጋ አለች። እንዲያው የእትዬ ዙሪያሽን ግንባር ብትዳስስ፣ እሳት ነው። በረደኝ የሚሉት ሴትዮ ይነዳሉ። ያኔ ሙከራውም ሳቁም ጠፋባት፤ ፈራች።

«እትዬ፣ ቁልፉን ለኔ ይስጡኝ። መለኪያው ሲወጣ መጀመሪያ የሚለኩት እርስዎ ነዎት።»

«ትምህርትሽስ?»

«ይቆየኛ።»

እትዬ ዙሪያሽ ቁልፉን ከጉያቸው አውጥተው ሰጧት። ቁልፉ ቦኖውን ከፈተ፣ ቦኖው ውሃ ሰጠ፣ ውሃው አህያዋን አስነሳ፣ አህያዋ በሩን ለቀቀች፣ ጋሽ አበጋዝ ገብተው ዘይት ሰጡ፣ ዘይቱ ጋሽ ይመርን አስነሳ፣ ጋሽ ይመር ጓጉንቸሩን ከፈቱ፤ ቁምሳጥኑንም መጀመሪያ አንኳኩተው ነው። መለኪያው ወጣ። ጋሽ አበጋዝም ከረውዳ ሰምተው፣ ማሽላውን አራግፈው፣ እትዬ ዙሪያሽን አህያዋ ላይ አስቀምጠው ከተፍ አሉ።

ቃል ቃል ነውና መጀመሪያ እትዬ ዙሪያሽ ተለኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ከግማሽ። ሲስተር ብርዙፍ ደማቸውን መርምራ ወባ ነው አለች፤ መድኃኒታቸውን አስዋጠቻቸው፣ በጊዜ መምጣታቸው በጀ አለች። ከዚያ መለኪያውን አጥባ አራገፈችና ወደ ረውዳ ዞረች። ረውዳ ግን በሩ ላይ ደርሳለች።

«ወዴት ነው?»

«ሮጬ ልምጣ፣ ሲስተር። ሮጬ ነው መለካት ያለብኝ።»

ሲስተር ብርዙፍ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት። ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ላቧ ይንጠባጠባል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር ታዲያ?» አለቻትና መለኪያውን አፏ ውስጥ ከተተችላት።

ሠላሳ ሰባት ከጥቂት። ሲስተር መለኪያውን ካላራገፉት ቁጥሩ እንደቆመ ይቆያል፣ እንዲሁ ይዘሽው ሂጂ አለቻት።

ደወሉ ሲደወል ረውዳ ክፍሉ በር ላይ ነበረች። መለኪያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የሚስቅ አልነበረም። ረውዳ የእትዬ ዙሪያሽንም ሠላሳ ዘጠኝ ከግማሽ ነገረቻቸው፤ ከሁለቱ የሮጠው ማን እንደሆነ መምህር አስናቀ ጠየቋት።

«የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ ላቤ አበረደኝ» አለች። «የነደዱት እትዬ ዙሪያሽ ናቸው፣ እሳቸው ቁጭ ብለው ነበር።»

መምህር አስናቀ ሙከራው ሙሉ ነው አሉ። ረውዳም ተቀመጠችና ሻርፗን ጨመቀች።

ተረቴን መልሱ፣ የጎረቤታችሁን ግንባር ዳብሱ።