ያላነከሰችው አህያ

አንድ ጊዜ ዳለቻ የሚባል ወጣት አህያ ሚስቱ ሞተችበት።

ስሟ ሸጊት ነበር። ጡት ያልጣለ አንድ ውርንጭላ ትታለች።

ባልና ሚስቱ የአንበሳ ሠራተኞች ነበሩ። አንበሳ ከአንድ ገደል ሥር የድንጋይ ማውጫ ነበረው። በሬዎች ድንጋዩን ይጎትታሉ፤ በቅሎዎችና አህዮች ይሸከማሉ። የሥራው ጸሐፊ ቀበሮ ናት። በር ጠባቂው ጅብ ነው። ጅብ ደመወዝ አልነበረውም። ውሉ አጭር ነው፦ መንገድ ላይ ብቻውን የወደቀ ሁሉ የእሱ ነው።

አህዮች በዚያ በር በቀን ሁለት ጊዜ ያልፋሉ። ስለዚህ አንድ ልማድ ነበራቸው። የቱንም ያህል ቢያማቸው አያነክሱም። ጆሮ ቀጥ፣ አንገት ቀና፣ እርምጃ እኩል። ይህን ከእናቶቻቸው ይማሩታል፤ ከመጥባት ቀጥሎ የሚማሩት እሱን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸጊት ከገደሉ ሥር ብቻዋን ስትጫን አንድ ድንጋይ ተንከባሎ የኋላ እግሯን መታት። ማንም አላየም። እሷም አልጮኸችም። ጭነቷን አደረሰች፤ አራገፈች፤ በጅብ ፊት ቀጥ ብላ አልፋ ቤቷ ገባች። ቁስሉ አመረቀዘ። በአምስተኛው ቀን ሞተች።

ዳለቻ ከቀብር መልስ ወደ ቀበሮ ሄደ። አንበሳ ያወጣው ሕግ እንዳለ ያውቃል። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ቀበሮ ራሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነበዋለች፦ «በሥራ ላይ የተጎዳ እስኪድን ከጎተራ ይበላል። ከሞተም ልጁ እስኪያድግ ይበላል።»

«እመት ቀበሮ፣ ሸጊት ሥራ ላይ ተጎድታ ሞተችብኝ» አለ። «ልጁ የሚጠባው የለውም። ሣር መንጨት አልቻለም። ከጎተራው የገብስ ዱቄት ይዘዙልኝ፤ በውሃ እየበጠበጥኩ አጠጣዋለሁ።»

«እግዜር ያጥናህ አያ ዳለቻ» አለች ቀበሮ። «እንዴት ያለች ጨዋ ሠራተኛ ነበረች! ለመሆኑ የት ነው የተጎዳችው?»

«እዚሁ። ከገደሉ ሥር።»

«ማን አየ?»

«ማንም። ብቻዋን ነበረች።»

«በበሩ ስትወጣስ? አነከሰች?»

ዳለቻ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

ቀበሮ ወደ በሩ ዞራ ተጣራች። «አያ ጅቦ! በዚህ ሰሞን ስታነክስ ያለፈች አህያ አይተሃል?»

ጅብ ከንፈሩን ላሰ። «ትቀልጃለሽ? ባይ ኖሮ እንዲህ ጎኔ ተጣብቆ ታገኚኝ ነበር?»

«ሰማህ አይደል» አለች ቀበሮ። «ሕጉ መሃሉ ላይ አንድ ነገር አለው። ‹ጉዳቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ ከታየ› ይላል።»

«ሲያነቡልን እንዲህ የሚል አልነበረውም።»

«ሳነብ ጉሮሮዬ ስለሚደርቅ አንዳንዱን እዘለዋለሁ። ምን ላድርግልህ? በደህና እንደወጣች በር ጠባቂው ራሱ ተናገረ። ቤቷ ገብታ ተጎድታ ይሆናል።»

«አምና ግን ሕጉ ለሁሉም ነው ብለውኝ ነበር።»

«ለሁሉም ነው እንጂ!» አለች ቀበሮ። «ያየ ምስክር ያምጣና ይውሰድ።»

ዳለቻ ወጣ። አምና የሠራተኞቹ ማኅበር እሱንና ሸጊትን ግቡ ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ያን ጊዜ ቀበሮን አማከሯት። «ሕጉ ማኅበርተኛ የሆነ ያልሆነ አይልም። ታዲያ ከሥራ በኋላ ቆማችሁ ስብሰባ የምትሰሙት ለምንድን ነው? ቤታችሁ አትገቡም?» አለቻቸው። እውነቷን ነበር። ሕጉ እንደዚያ አይልም። እነሱም ቤታቸው ገቡ።

*

ማኅበሩ ከሥራ መልስ የሚሰበሰበው ከውሃ ገንዳው አጠገብ ነው። ሊቀመንበሯ ያረጀች በቅሎ ናት፤ ሁሉም እትዬ በቅሎ ይሏታል። ዳለቻ መጥቶ ዳር ላይ ቆመ። መጀመሪያ ያየው ጋሽ በሬ ነው። ጋሽ በሬ አፉ አያርፍም።

«እንግዳ መጣልን!» አለ። «ጠጋ በላ አያ ዳለቻ! አምና ስንጠራህ ‹ልንወልድ ነው፣ ጊዜ የለንም› አልከን። እኛ ሥራ ፈት መስለንህ ነው?»

ጥቂቶች ሳቁ። እትዬ በቅሎ አልሳቀችም።

«ሐዘንተኛ ነው፤ ተወው» አለችው። ከዚያ ወደ ዳለቻ ዞረች። «እግዜር ያጥናህ ልጄ። ቀብር ላይ ነበርን፤ አላየኸንም እንጂ።»

«አይቻችኋለሁ» አለ ዳለቻ። «አፍሬ ነው።»

ቀበሮ ያለችውን ሁሉ ነገራቸው። ሲጨርስ እንዲህ አለ፦ «ብትመሰክሩልኝስ? ስታነክስ አየናት በሉ። አንድ ቃል ነው። ልጁ ይተርፋል።»

ጋሽ በሬ ወደ እትዬ በቅሎ ዞረ።

«አላየናትም» አለች እትዬ በቅሎ። «ያላየነውን አየን አንልም። ዛሬ አንድ ጊዜ ከዋሸን፣ ነገ እውነት ይዘን ስንሄድ ቀበሮ ትስቅብናለች።»

«እንግዲያው ማኅበሩ ምን ይሠራል?»

«የእኛ አባል ብቻውን አይጫንም። ሁልጊዜ ከጓደኛ ጋር ነው። ቢጎዳ ከቦታው አይነሣም። ጓደኛው ይጠራናል፤ ሥራችንን ጥለን እንመጣለን፤ ጉዳቱን እናያለን፤ ግራና ቀኙን እንቆማለን። ያኔ እያነከሰ ወደ ቀበሮ ይሄዳል።»

«በጅብ ፊት?»

«በጅብ ፊት።»

ዳለቻ ዞሮ ወደ በሩ አየ።

«ቀበሮ ጅብን በር ላይ ያቆመችው ለምን ይመስልሃል?» አለች እትዬ በቅሎ።

«ሌባ እንዲጠብቅ ነዋ።»

«ድንጋይ ማን ይሰርቃል?» አለ ጋሽ በሬ።

«እናንተ እንዳታነክሱ ነው» አለች በቅሎዋ። «ያላነከሰ አልተጎዳም። ያልተጎዳ ከጎተራ አይበላም። ጎተራው ሙሉ ሲሆን አንበሳ ቀበሮን ያመሰግናታል። ጅብ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሆዱን ነው።»



«ሸጊት ያን ቀን ቤት ስትገባ» አለ ዳለቻ፣ «‹በጅብ ፊት እንዴት ቀጥ ብዬ እንዳለፍኩ ባየህ!› አለችኝ። እኔም ጎበዝ አልኳት።»

ጋሽ በሬ ተነሥቶ ከእራቱ ጥቂት ገብስ ዳለቻ ፊት አፈሰሰ። ሌሎቹም እንደዚያው አደረጉ።

«ለልጁ ነው» አለች እትዬ በቅሎ። «የጎተራውን ያህል አይደለም። እኛም የምንበላው ጥቂት ነው፤ ብዙ ቀን አንችልም። ለጊዜው ግን ነፍሱን ያቆይለታል።»

ዳለቻ በዚያው ምሽት ማኅበሩ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ቀበሮ መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«ማኅበር ገባህ አሉ። ለሸጊት ምን አደረጉላት?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«እኔ አልሞትኩም» አላትና አለፈ።

*

ሦስት ሳምንት ሄደ። ማኅበርተኞቹ የሚያዋጡት ገብስ እየቀነሰ መጣ። የውርንጭላው የጎን አጥንት መቆጠር ጀመረ። ዳለቻ ከራሱ ድርሻ እየከፈለ ስለሚያጠጣው እሱም ከሳ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጋሽ በሬ ጋር ተጣምሮ ይሠራ ነበር። የጭነቱ ገመድ ተበጠሰ። ትልቁ ድንጋይ ተንሸራቶ የፊት ግራ እግሩ ላይ ወደቀ። ኮቴው ተሰነጠቀ።

ዳለቻ መጀመሪያ ያደረገው ያየ እንዳለ ዙሪያውን መቃኘት ነበር። ከዚያ ጆሮውን ቀጥ አደረገ፤ አንገቱን አቀና። ላብ በሆዱ ሥር ይወርዳል። በአራቱም እግሩ እኩል ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አለ ጋሽ በሬ።

«ምንም።»

«ከኮቴህ ደም እየወረደ ነው።»

«ደህና ነኝ አልኩህ!»

ጋሽ በሬ አንገቱን ወደ ላይ አንሥቶ ጮኸ። የሚጎትቱት መጎተታቸውን ተዉ፤ የሚሸከሙት ሸክማቸውን አወረዱ። እየሮጡ መጡ። ኮቴውን አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ አዩት። ሁለት በሬዎች በቀኙ ቆሙ። እትዬ በቅሎ በግራው ቆመች። የቀሩት ከኋላ ተሰለፉ።

«አሁን ወደ ቀበሮ» አለች።

ዳለቻ መሄድ ጀመረ። ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው።

«አንክስ እንጂ!» አለ ጋሽ በሬ።

«እምቢ አለኝ።»

«እንዴት እምቢ ይልሃል? እግርህ እኮ ለሁለት ተከፍሏል!»

«ጅብ እያየኝ ነው!»

«እንዲያይህ ነው የመጣነው፣ ወንድሜ!»

ሌላ አምስት እርምጃ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጥርሱን ነክሷል። እትዬ በቅሎ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ አንተም እንደ ሸጊት ደብቀህ ብትተኛ ውርንጭላውን ማን ያበላዋል?»

በሚቀጥለው እርምጃ ዳለቻ አነከሰ። ትከሻው ወረደ፤ ራሱ ተዘቀዘቀ። አንዴ ከጀመረ በኋላ መደበቅ አልቻለም። አቃሰተ።

ጅብ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አነሣ። ከዚያ በሩን ጥሎ እየጋለበ መጣ።

«ያነክሳል! ያነክሳል! የእኔ ነው! መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ!»

ቀበሮ ከቢሮዋ ብቅ አለች። «ዝም በል አንተ!»

«ለምን ዝም እላለሁ? ዓይኔ እያየ! የፊት ግራ እግሩ ነው! ኮቴው ተሰንጥቋል!»

«አያ ጅቦ» አለ ጋሽ በሬ፣ «እርግጠኛ ነህ? ትናንት የቆሰለ ቢሆንስ?»

«የምን ትናንት! ደሙ ገና ትኩስ ነው! ዛሬ ነው፣ አሁን!»

«ቤቱ ተጎድቶ ይሆናላ።»

«ደሙ ከገደሉ ሥር ጀምሮ ተንጠባጥቧል እኮ! ና ላሳይህ! በሬ ስትባል ዓይን የለህም?»

«አፌ ቁርጥ ይበልልህ» አለ ጋሽ በሬ። «ስንት ዓመት ምስክር ስንፈልግ፣ በር ላይ ቆመህልን ኖሯል።»

ጅብ ነገሩ አልገባውም። «እና ልብላው?»

«የአንተ ብቻውን የወደቀ ነው» አለች እትዬ በቅሎ። «ብቻውን ነው?»

ጅብ በቀኝ አየ፤ በግራ አየ፤ ከኋላ አየ። «ኧረ ቀንዱ በዛ» አለና እያጉረመረመ ወደ በሩ ተመለሰ።

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ማኅበርተኛ ስለሆነ ሕጉ አይለወጥለትም።»

«አይለወጥ» አለች እትዬ በቅሎ። «የመጣነው ያንኑ ሕግ ፈልገን ነው። አሁን አንብቢው፤ መሃሉን ሳትዘይ።»

ቀበሮ አነበበች። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ ከታየ። የሚዘለል ነገር አልነበረም። ጎተራው ተከፈተ። ኮቴው እስኪገጥም ለዳለቻ ገብስ፣ ለውርንጭላው ዱቄት ተፈቀደ።

«የሸጊትስ?» አለ ዳለቻ በቀስታ።

እትዬ በቅሎ ራሷን ነቀነቀች። የሸጊት እንደ ቀረ ቀረ።

ማምሻውን ዳለቻ እያነከሰ ቤቱ ገባ። ዱቄቱን በጥብጦ ለውርንጭላው አጠጣው። ውርንጭላው ጠጥቶ ጠግቦ፣ አፉን ሳይጠርግ የአባቱን እግር ያይ ጀመር።

«አባዬ፣ እግርህ ምን ሆኖ ነው?»

«አመመኝ።»

«እማዬ ግን አላመማትም ነበር። ቀጥ ብላ ነው የገባችው። ታዲያ ለምን ትታን ሄደች?»

ዳለቻ ከልጁ አጠገብ ተኛ።

«አሟት ነበር» አለው። «በጣም አሟት ነበር። ትታን አልሄደችም።» ውርንጭላው እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ድንጋዩ የት እንደ መታት፣ ስንት ቀን እንደ ተኛች፣ ማንን ስትጠራ እንደ ነበር አንድም ሳይደብቅ ነገረው፤ በዚያ ቀን መጨረሻ ያደረገው ነገር ይህ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ሕግ ለሠራተኛ ሁሉ የተጻፈ ቢሆንም፣ ጉዳቱን ሳይፈራ አሳይቶ የተጻፈለትን የሚያገኘው ከጎኑ የሚቆም ማኅበር ያለው ሠራተኛ መሆኑን ነው።