የማንም ያልሆነ ሰባት ክንድ

ወገሬ ሩፋኤልን ሊሳለም የመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር በስተምሥራቅ በኩል ጣሪያው ላይ አንድ ክፍተት ያያል። ክፍተቱ ከጉልላቱ ሥር ጠብቦ ይነሣና ወደ ክፍክፉ ሲወርድ እየሰፋ ሄዶ ሰባት ክንድ ይደርሳል። ጳጉሜን ሦስት ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነውና ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶች በዚያ ክፍተት ሥር ተሰልፈው በየጣሳቸው ውኃ ይቀበላሉ፤ «አባቶቻችን ሆን ብለው ለመልአኩ ዝናብ የተዉት በር ነው» የሚላቸው የአገሬው ሰውም አይጠፋም። ይህን ሰምተው እንባቸውን የሚያብሱ እንግዶች በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የዚሁ ደብር ሰው፣ ከሦስቱ መንደሮቹ የአንዱ፣ የታች ቤት ተወላጅ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ሲያወጉት ነገሩ ሌላ ነው። እንደሚነገረው ከጎንደር ነገሥታት በአንዱ ዘመን ታቦቱ ወደ ወገሬ ሲመጣ ማረፊያ ስላልነበረው፣ ለጊዜው ተብሎ ከጭራሮና ከጭቃ መቃኞ ተሠራለት፤ ያ ለጊዜው የተባለ ጎጆም አሥራ አንድ ዓመት አገለገለ። የደብሩ ገበዝ አባ ንዋየ ማርያም የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። ሲመጡ ጎልማሳ የነበሩት እኚህ ሰው በመቃኞው ጭስና ጤዛ ውስጥ ሲያገለግሉ ሸምግለው፣ በመጨረሻ ከፈጣሪያቸው የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ታቦቱን በወግ ወደተሠራ መቅደስ አስገብተው አንድ ቀን እንኳ ቀድሰው መሞት።

ወገሬ ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ሦስት መንደር ነበረች፤ ላይ ቤት፣ ታች ቤትና ማዶ። የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ግንብ ሦስቱም ተጋግዘው ያለ አንዳች ጭቅጭቅ አቆሙት ይባላል፤ ድንጋይ አንዴ ከተቀመጠ ተቀመጠ ነውና ማንም አልሰጋም። የሣር ክዳን ግን በየሦስት በየአራት ዓመቱ መታደስ አለበት። በአገሩም ደንብ አንድን ክዳን መጀመሪያ የከደነ ሰው እሱም ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ያንኑ ቦታ ሲያድሱ ይኖራሉ፤ በምትኩ በደብሩ ባለድርሻ ይሆናሉ፤ ሰንበቴ ይቀመጣሉ፤ ሲሞቱም ቅጥር ግቢው ውስጥ ይቀበራሉ። ስለዚህ የጣሪያው ዙሪያ ዘጠና ክንድ ነው ተባለና ለእያንዳንዱ መንደር ሠላሳ ሠላሳ ክንድ ደረሰው።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የየመንደሩን ድርሻ የራሱ ሽማግሌ በራሱ ክንድ ይለካ ስለተባለ፣ ላይ ቤቶች ካሏቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ክንደ አጭሩን መረጡ። ታች ቤቶችም፣ የእኔው አያቶች ማለት ነው፣ ይህን ሰምተው ከዚያ ያጠረ ፈልገው አመጡ። ማዶዎች ደግሞ በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ያለ ወጉ የተጋጠመለትን ሰው ይዘው ከተፍ አሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በየክንዳቸው ሠላሳ ሠላሳ ለክተው ምልክት አደረጉ፤ የየመንደሩ ሰውም እስከ ምልክቱ ከደነ፤ ሰባት ክንድ ሰማይ ተረፈ። አንድም ሰው አልደነገጠም። ሁሉም የራሱን ከድኖ ሲያበቃ ማጭዱን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዝናቡ በዚያ ክፍተት ገብቶ መቅደሱ ድረስ ይዘልቅ ስለነበር ታቦት ማስገባት አልተቻለም። አባ ንዋየ ማርያም በሰኔ ለመኑ፣ በሐምሌ ተቆጡ። ላይ ቤት ሲሄዱ «አባታችን፣ የእኛ ተከድኗል፤ ጉድለቱ የማዶ ነው» ይሏቸዋል፤ ማዶ ሲሻገሩ ወደ ታች ቤት ይልኳቸዋል፤ ታች ቤት ሲወርዱ ደግሞ መልሰው ወደ ላይ ቤት። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ጭቃ ከመንደር መንደር ሲመላለሱ ጉልበታቸው አለቀ። በነሐሴ አንድ እሑድ ምርር ብሏቸው ሦስቱንም መንደር ከመቃኞው ደጃፍ ሰበሰቡና «ይህን ጣሪያ የተወ የተወገዘ ይሁን» ብለው ገዘቱ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ ይባላል። እያንዳንዱ መንደር ግዝቱ የወረደው በሌሎቹ በሁለቱ ላይ ነው ብሎ ስላሰበ ደስ እያለው ተበተነ።

በዚያ ዘመን ከወንዙ ዳር እርገጤ የሚባል ቆዳ ፋቂ ይኖር ነበር። ለጠፍርና ለአቁማዳ ሲፈልጉት ይጠሩታል እንጂ ሰንበቴ አያስቀምጡትም፤ ሲያስቀድስም ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሞ ነው። ግዝቱን ግን እሱም ሰምቶ ነበር፤ ከሰሙት ሁሉ የደነገጠ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጳጉሜን አንድ ቀን የለፉ የበሬ ቆዳዎቹን ተሸክሞ መጣና በሩቁ ቆሞ እጅ ነሣ።

«አባ፣ እኔ በዚህ ደብር ድርሻ የለኝም» አላቸው። «ድርሻ የሌለው ሰው ቢከድነው ማን ይቀየማል?»

አባ ንዋየ ማርያም የደጀ ሰላሙን በር ራሳቸው ከፈቱለት ይባላል። «ግባ፣ ልጄ» አሉት፤ ጠፍሩን ራሳቸው እያቀበሉት እርገጤ ከማገሩ ላይ ወጥቶ ሰባቱን ክንድ በቆዳ ሸፍኖ፣ ጠርዙን ከሣሩ ሥር አስገብቶ ጥፍር አድርጎ አሰረው። በዚያው ቀን አፍ የሚያስይዝ ዶፍ ዘነበ። መቅደሱ ውስጥ አንድ ጠብታ አልገባም። አባ ንዋየ ማርያም ከደረቁ ወለል ላይ ተንበርክከው እንደ ልጅ አለቀሱ፤ ጳጉሜን ሦስት ታቦቱ ይገባል ብለውም አዋጅ አስነገሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱም መንደር መጣ። ሽማግሌዎቹ ቆዳውን አንጋጠው ሲያዩ በአንድ ጊዜ የገባቸው የገዛ ደንባቸው ነበር። ቆዳው እንዲሁ ካደረ ያን ክዳን መጀመሪያ የከደነ እርገጤ ነው፤ ስለዚህ ባለድርሻ ነው፤ ከእነሱ ጋር ሰንበቴ ይቀመጣል፤ ልጆቹም ከልጆቻቸው ጎን ይቀበራሉ። ደንቡን እንተወው ያለ የለም። ቆዳው ይውረድ ተባለ። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን አንድ እጅ ያጣ ጣሪያ በአንድ ጠዋት በሰው ተወረረ፤ ላይ ቤት ይፈታል፣ ታች ቤት ይጎትታል፣ ማዶ ከታች ይቀበላል። በታሪካችን ሦስቱ መንደሮች ሳይለካኩ የሠሩት ሥራ ቢኖር ይህ ብቻ ነው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሰባቱ ክንድ እንደገና ሰማይ ሆነ።

አባ ንዋየ ማርያም ከመቃኞው ደጃፍ ቆመው ሲመለከቱ ከቆዩ በኋላ «ለመሆኑ ይህን ሁሉ እጅ የት ደብቃችሁት ከረማችሁ?» አሉ።  አንድ ሽማግሌ፣ የታች ቤት ነው ይላሉና እውነት ሳይሆን አይቀርም፣ «አባታችን፣ ማፍረስ እኮ ድርሻ አያስይዝም» አላቸው።

ጳጉሜን ሦስት ሲዘንብ ዋለ፤ ታቦቱም ከመቃኞው አልወጣም። እርገጤ በዚያው ሰሞን ቤቱን ዘግቶ ሄደ፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ከቆዳዎቹ አንዱን ማዶዎች በደብሩ ከበሮ ላይ ወጠሩት ይባላል፤ ሰውየውን አንፈልግም ያሉ ሰዎች በቆዳው ሲያሸበሽቡ ኖሩ። አባ ንዋየ ማርያምም ብርዱ ነው ሐዘኑ አይታወቅም፣ መስከረም ሲጋመስ አረፉ። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ጠራ፤ «አሁንማ በጋ ነው፤ ክፍተቱ ምን ያደርጋል» ተባለና ታቦቱ በእልልታ ገባ። አባ ንዋየ ማርያም ግማሽ ወር ብቻ ቢቆዩ ኖሮ ይቀድሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል። መጀመሪያ መብረቅ አቃጥሎት እንደ አዲስ ሲሠራ፣ በክንድ መለካት ድሮ ቀረ ተብሎ በገመድ ተለካ፤ ገመዱን ግን እያንዳንዱ መንደር ከየቤቱ ይዞ መጣ። የቆርቆሮው ዘመን ሲመጣ ደግሞ ከከተማ የመጣ መሐንዲስ በሜትር ለክቶ የሚበቃውን ቆርቆሮ ነግሮ ሄደ። በአባቴ ዕድሜ የሆነ ነገር ስለሆነ ይህን የሚጠራጠር የለም። ሦስት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሦስቱም ሲሶ ሲሶውን ሲገዛ «ትርፍራፊውን ሌሎቹ ይሞሉታል» ብሎ ጥቂት ጥቂት አስቀረ። ክፍተቱ እነሆ በቦታው አለ። የመቅደሱ የምሥራቅ ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ እየጠጣ ዛሬ ሆዱን ገፍቶ ቆሟል፤ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በላይ እንደማይቆም ማንም ግንበኛ ይናገራል። ሲወድቅ ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚወድቀው፤ ታቦቱ ላይ።

ዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እኔው ቆረጥኩ። ቆርቆሮና ሚስማር ከቤቴ ይዤ፣ የሦስቱን መንደር የጋራ መሰላል ከዕቃ ቤት አውጥቼ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ሚስማር ሳልመታ ከታች ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። የላይ ቤቱ አቶ ውቤሸት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

«በርታ፣ ልጄ» አሉኝ በትሕትና። «ስንት ልጆች አሉህ?»

«ሦስት፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ያሳድግልህ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የእነሱ ነው።»

 ትልቁ ልጄ አዲስ አበባ ነው፣ ሁለተኛዋ ትዳር ይዛለች፣ የመጨረሻው ከፍታ ይፈራል። ወረድኩ። ቆርቆሮዬን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መሰላሉ እስከ ዛሬ እዚያው ጣሪያው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ማን ያንሣው በሚል ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተጠርቷል። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። መመለሱ ግን የታች ቤት ተራ አይደለም።