ማግሳት ያቃተው አቦሸማኔ

አንድ ንጉሥ ነበር፤ በዓለም ላይ ያለውን የድመት ዘር ሁሉ በግቢዬ ካልሰበሰብኩ ሞቼ እገኛለሁ የሚል። አንበሳ ነበረው፤ ነብር ነበረው፤ ሰውነቱ በጥቁር መስመር የተሞላ የህንድ ነብር፣ ከባሕር ማዶ ደን በመርከብ የመጣ ጃጓርም ነበረው። የእነዚህ ሁሉ ጠባቂ ጓንጉል ይባላል። ጓንጉል ለአውሬዎቹ ራሱ ያወጣው ሥርዓት ነበር፦ በየበዓሉ በንጉሡ ፊት ተራ በተራ ያገሳሉ፣ ሥጋም በድምፃቸው መጠን ይታደላቸዋል። ከሁሉ በላይ ያገሳ ሙሉ ታፋ ይወስዳል፤ ያነሰው ጎድን ይግጣል። እንግዳ ሁሉ በዚህ ይደነቅ ስለነበር ሥርዓቱ ልክ አይደለም ያለ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከቆላ አገር የአቦሸማኔ ግልገል መጣ። ጓንጉል በፍየል ወተት አሳደገው፤ በፍቅሩም አበደ። በዓሉ ሲደርስ ዛሬ ጉድ ታያላችሁ እያለ ግቢውን በአንድ እግሩ አቆመው። አንበሳው አገሳ፤ ነብሩ አገሳ። ተራው ደረሰና አቦሸማኔው አፉን ከፈተ። ጲው አለ፤ ልክ እናቱ እንደጠፋችበት ጫጩት።

መኳንንቱ በሳቅ ፈረሱ። የጎረቤት አገር መልእክተኞችም ሳቁ። የንጉሡ ፊት ግን ተለዋወጠ፤ እስከሚቀጥለው በዓል ካላገሳ ቆዳው ተገፎ ለበቅሎዬ ኮርቻ ልብስ ይሁን ብሎ ፈረደ።

ጓንጉል የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው። አይቶ ይማር ብሎ ከአንበሳው ጎን አሰረው። ቢርበው ይጮኻል ብሎ ምግብ ከለከለው። በመጨረሻም ፊቱ ተንበርክኮ ራሱ ያገሳለት ጀመር። ድምፁ ተዘግቶ ሦስት ቀን በምልክት ሲያወራ ሰነበተ፤ የግቢው ሰውም ጠባቂው ተማረ፣ አውሬው ቀረ እያለ ተሳለቀበት። አቦሸማኔው ግን ከስቶ አጥንቱ ወጣ።

የወጥ ቤቱ አዛዥ እማማ ደብሪቱ ይህን አይተው አላስቻላቸውም። ከእህል ጎተራው ሥር የተኛችውን ድመታቸውን እያሳዩ ጠየቁት።

«ለመሆኑ ይቺ አግስታ ታውቃለች?»

«ኧረ የት ታውቅና፣ እማማ።»

«እኔስ ጎተራዬን ያስጠበቅኳት ድምፅዋን ሰምቼ ይመስልሃል? ልጄ፣ እስከዛሬ የዚህን ፍጡር ጉሮሮ ብቻ ነው ያየኸው። እስቲ ደግሞ እግሩን እየው።»

ጓንጉል አየ። እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን፣ ጥፍሩም እንደ ውሻ ጥፍር ሁልጊዜ ከውጭ ነው። ያሳደገው ግን ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ አጥር ውስጥ ነበርና አንድም ቀን ሲሮጥ አይቶት አያውቅም። አፈረ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሥጋ ሳይሰስት አበላው፤ በዓሉ ሜዳ ላይ ይሁንልኝ ብሎም ንጉሡን ለመነ። ተፈቀደለት፤ ቆዳ ገፋፊውም ቢላውን ስሎ እንዲገኝ ታዘዘ።

በዕለቱ የንጉሡ ፈረስ ቀድሞ ተለቀቀ። ሜዳውን ሲያጋምስ ጓንጉል የአቦሸማኔውን ገመድ ፈታ። ምን ዓይነት ሩጫ ነበር! ያ የተሳቀበት ፍጡር መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ሰው ሄደ ብሎ ሳይጨርስ ፈረሱን ደረሰበት፤ ትቶትም አለፈ። መኳንንቱ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ቆዳ ገፋፊው እንኳ ቢላውን ጥሎ አጨበጨበ። ጓንጉል እየዘለለ ያለቅስ ነበር። ንጉሡም ካባውን ወርውሮ ከዙፋኑ ወረደ።

«ከአንበሳው በላይ ይቀመጥ። ሙሉ በሬ ይታረድለት። ጓንጉል፣ ሂድና አምጣልኝ።»

አቦሸማኔው ግን ሜዳውን ጨርሶ ኮረብታውን ተሻግሮ ነበር።

«ንጉሥ ሆይ፣ በምን እግሬ?» አለ ጓንጉል።

ንጉሡ ወደ ፈረሱ ዞረ። ከአገሩ ሁሉ ፈጣን የተባለው ፈረስ ሜዳው መሃል ቆሞ ያለከልክ ነበር።

ወገኖቼ፣ ሁሉን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሰው የያዘውን ሀብት የሚያውቀው ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። ልጁን በወንድሙ ችሎታ የሚለካ አባት፣ አፈኛውን ብቻ የሚሾም አለቃ ይህን ልብ ይበል። የሰውን ስጦታ ማየት የሚፈልግ መጀመሪያ ሜዳውን ይስጠው፤ ያውም ሰውየው ተማርሮ ሳይሄድ። እርስዎስ፣ በቤትዎ ለማን ነው ሜዳ የነፈጉት?